የሰባት ቁጥሯ ሾፌር

እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ አውቶቡስ፣ በሰባት ቁጥር መስመር፣ ከአንዲት ሾፌር ጋር ሠርቻለሁ። አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ እውነተኛ ስሜን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። «ሬዲዮ» ነው የሚሉኝ፤ አንዴ ከተከፈትኩ ስለማልዘጋ። እሷን ደግሞ «አምስተኛ» ይሏታል። ሥራ በጀመረች በወሩ የስምሪት ኃላፊው «ይቺ ሴትዮ አንደኛና ሁለተኛ የሚባል ማርሽ አታውቅም እንዴ? ቀጥታ አምስተኛ!» ብሎ ቀለደ፤ ስሙ እንደ ማስቲካ ተጣብቆባት ቀረ። መንዳቷን ማለቱ አልነበረም፤ ነገረ ሥራዋን ነው። ስትስቅም፣ ስትቆጣም፣ ደረጃ ስትወጣም አምስተኛ ናት። መሪ ላይ ስትቀመጥ ግን እንደ ረጋ ውሃ ነበረች። ቆመው የሚሄዱ ተሳፋሪዎች እንኳ ምንም ሳይጨብጡ ጋዜጣ ያነቡ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በደህንነት ቀበቶው ነው።

«ሬዲዮ፣ ይሄ ቀበቶ ይቆረቁረኛል» አለችኝ አንድ ቀን የመጨረሻው ፌርማታ ላይ።

«ቀበቶው ምን አደረገ? አንቺ ነሽ የወፈርሽው» ብዬ ሳቅኩባት።

በሳምንቱ ደገመችው። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄደች። የቆረቆራት ቀበቶው አልነበረም፤ ግራ ጡቷ ውስጥ የተቋጠረ እብጠት ነበር። ካንሰር ነው ተባለ።

ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ከብብቷ ሥርም ዕጢዎች ወጡ። ከዚያ ኬሞ ተከተለ፣ ከኬሞው በኋላ ደግሞ ጨረር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በመጀመሪያው ወር ተኩል አልጠየቅኳትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጀርባዋን ሳይ የኖርኩ ሰው! በስልክ «አይዞሽ፣ ከጎንሽ ነን» ብዬ ከአበባ ሥዕል ጋር እልክላታለሁ። በሯ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ዓይኗን ሳይ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ።

አንድ ቀን ራሷ ደወለች።

«አንቺ! ትናንት ደጃፌ ላይ ቆመሽ የተመለስሽው አንቺ ነሽ አይደል? በመስኮት አይቼሻለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አዎ» አልኩ።

«ለምን አልገባሽም?»

«ምን እንደምልሽ ጨንቆኝ ነው።»

«ምንም አትበይኝ። ስለ ሰባት ቁጥር ንገሪኝ። ማን ወጣ፣ ማን ወረደ፣ ማን ከማን ተጣላ። እዚህ ቤት ከሕመሜ በቀር ወሬ የለም፤ ካንሰሩ ሳይገድለኝ የወሬ ረሃብ ሊገድለኝ ነው!»

በዕረፍት ቀኔ ሄድኩ። ባሏ አናጢ ነው፤ ደግ ሰው፣ ቃሉ ትንሽ፣ እጁ ወርቅ። ከታመመች ወዲህ ጭንቀቱን ሁሉ በእንጨት ነው ያወጣው። ኮሪደሩ ላይ መደገፊያ ሠርቷል፣ ለመታጠቢያ ቤቱ በርጩማ፣ ለአልጋው ተንቀሳቃሽ ጠረጴዛ፣ ለእግሯ ማሳረፊያ። ቤቱ በሙሉ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸታል። ታዲያ የሻይ ብርጭቆ ለማንሳት ብድግ ስትል «ተቀመጪ!» መስኮት ልትከፍት ስትል «ተቀመጪ!» ይላታል። እሷ ደግሞ ሻሿን አስራ፣ ትራስ ተደግፋ፣ በመስኮት የሚያልፈውን መኪና ትቆጥራለች።

«ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት ሆኗል» አለችኝ። «ወይ መጥቶ ያለቅስብኛል፣ ወይ ይሸሸኛል። አንዷ ጎረቤት ደግሞ ‹የአክስቴም እንደዚሁ ነው የጀመራት› ትለኛለች። ‹አሁን እንዴት ናቸው?› ስላት… ዝም! ይሄን ጊዜ ምን ልበል? ኬሞው ያመኛል፣ ያስመልሰኛል፤ እሱስ ሕመም ነው፣ ይሁን። ጠያቂ ማጽናናት ግን አደከመኝ።»

ያን ቀን ሰባት ቁጥርን ከመነሻው እስከ መድረሻው ነገርኳት። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ዶሮ ይዞ የተሳፈረውን ሰውዬ፣ ዶሮዋ አምልጣ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ሥር እንደገባች፣ ሙሽራዋ ከጩኸቷ ብዛት ያለ ፌርማታዋ እንደወረደች። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ማርሽ ይቀይር ነበር። ኩርባው ጋ ስደርስ ወደ ሁለተኛ ቀነሰች! ከዚያ ወዲህ በየዕረፍት ቀኔ እየሄድኩ መስመሩን እነዳላት ጀመር።

ሕክምናው አልቆ ፀጉሯ እንደ ሕፃን ፀጉር ብቅ ብቅ ሲል ከዴፖው ደብዳቤ መጣ። ከስምንት ወር በላይ ከመሪ የራቀ ሾፌር የሐኪም ፈቃድ አቅርቦ የመንዳት ፈተና ካላለፈ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል ይላል። ፈተናው ከስድስት ሳምንት በኋላ ረቡዕ ጠዋት ነው።

ሐኪሟ ክንዷን አዩ፣ ጉልበቷን ፈተሹ፣ የእጅና የእግሯን ጣቶች በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። ኬሞው ጣቶቿን አደንዝዟቸው ነበር። «ስሜቱ እየተመለሰ ነው፤ ካንቀሳቀስሽው ይፈጥናል» አሏት። ክንዷ እንዳያብጥ የሚጠብቅ ጠባብ እጅጌ ሰጧትና በፈቃዱ ላይ «ይህን ሳታደርግ መሪ እንዳትይዝ» ብለው ጻፉበት።

ባሏ የዴፖውን ደብዳቤ ሲያነብ እዚያው ነበርኩ።

«ግምጃ ቤት ምን ይላል?» አለ። «ቁጭ ብሎ ዕቃ መቁጠር ነው። እኔ እያለሁ አንቺ ለምን ትለፊያለሽ?»

«አንተ እያለህ እኔም ልኑር እንጂ!»

ባሏ ደብዳቤውን አጥፎ ዘረጋው፣ መልሶ አጠፈው። «ሰውነትሽ ገና ነው» አለ በቀስታ።

«ሰውነቴ ውስጥ የምኖረው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

እናቱ ጥግ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። መቼም አማት ከልጇ ወገን ትሆናለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ልጄ» አሉት ቀና ሳይሉ። «አባትህ የሞተ ጊዜ ዘመድ አዝማድ መጥቶ ማንኪያውን ከእጄ ነጠቀኝ። አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ እንሠራለን አሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ ተቀመጥኩ። ከሐዘኑ ይልቅ የጎዳኝ መቀመጡ ነው። ይቺን ልጅ በቁሟ አታስቀምጣት።» ተነሡና ትሪውን ምራታቸው ጭን ላይ አኖሩት። «በይ ልቀሚ። ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ጠጠሩን በጣትሽ ለዪው።»

ባሏ መዶሻውን ይዞ ወጣ። እሷም ዓይኗን ጨፈነች። የመጀመሪያውን ጠጠር እስክታገኝ እኔ እንኳ ላብ አጠመቀኝ፤ ስታገኘው ግን ሁላችንም ጮህን፤ አማቷ ጭምር!

የጋራዡ አለቃ ጋሽ ቡሎን ይባላሉ፤ ኪሳቸው ቡሎን አጥቶ ስለማያውቅ። ሲናደዱም ሲደሰቱም ያንሿሹታል። የስምሪት ኃላፊው ዘንድ ገብተው «ከጥገና የወጣ አውቶቡስ ግቢ ውስጥ ሳይፈተሽ አይወጣም አይደል? ፈታሽ አግኝቻለሁ» ብለው ፈቃድ አወጡልን። ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያው ስምሪት ሳይጀምር፣ ግቢ ውስጥ ብቻ።

የመጀመሪያው ቀን ወፍ ሲንጫጫ ተገናኘን። ጋሽ ቡሎን ስድስት ባዶ በርሜሎች በሁለት ረድፍ አቁመዋል። ሥራው አውቶቡሱን በኋላ ማርሽ በመሃላቸው ማስገባት ነው። አምስተኛ ወጥታ ተቀመጠች፤ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ሸተተኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ሁሉም!»

ሞተሩ ሲነሣ ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ እልል አልኩ። ብዙም አልቆየልኝ። የፍሪሲዮን ፔዳሉን ስትለቅ እግሯ የት እንዳለ አልነገራትም፤ አውቶቡሱ እንደ ውርንጭላ ዘለለና ሞተሩ ጠፋ። እንደገና አስነሣችው፣ እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው ወደ ኋላ ሄደ፤ ግራ እጇ ዘገየ፤ ጓ! በርሜሉ እየተንከባለለ እስከ ጥበቃው ቤት ደረሰ።

ወርዳ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አይዞሽ የኔ እናት፣ ቀስ በቀስ…»

«አይዞሽ አትበይኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ስምንት ወር ሙሉ ቁርሴም ምሳዬም አይዞሽ ነበር። አይዞሽ ፍሪሲዮን አይረግጥልኝም!»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «በርሜሉ ጋ ለመድረስ ስንት ቀረሽ፣ እሱን ንገሪኝ።»

ከዚያ ጀምሮ ሥራዬ እሱ ሆነ። ከአውቶቡሱ ጀርባ ጥግ ላይ ቆሜ እጮሃለሁ፤ «ሦስት ክንድ! ሁለት ክንድ! ስንዝር! አራት ጣት! ቁሚ!» በሕይወቴ አፌ ለቁም ነገር ሲውል የመጀመሪያው ነው። ቤቷ ደግሞ ምስሩ ቀጠለ። በምስሩ ላይ አዝራር መቆለፍ ተጨመረ፤ ሻይ እስኪፈላ በእግር ጣት ፎጣ መሰብሰብም እንዲሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ምርኩዝ የያዙ ሴትዮ በግቢው በር ገቡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው፤ ኬሞ ክፍሉ ውስጥ ከአምስተኛ አጠገብ ባለው ወንበር ነበር የሚቀመጡት። የእሳቸው ካንሰር የአንጀት ነው። መድኃኒቱ በደም ሥራቸው እየተንጠባጠበ የዓለምን ወንዞች በሙሉ አስተምረዋታል።

«ተሳፋሪ የሌለው አውቶቡስ ምኑ አውቶቡስ ነው?» አሉና የፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደብተር አወጡ። ስንጨርስ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ፤ «ከመቶ ስልሳ ሁለት።»

«ሁለቷ ምንድን ናት፣ እትዬ?»

«በርሜሉን ገጭተሽ ይቅርታ ስለጠየቅሽው።»

እንዴት ሳቅን! ጋሽ ቡሎን ራሳቸው ሳቃቸውን መመለስ አቅቷቸው ቡሎኖቻቸውን መሬት ላይ አፈሰሱ።

ወሬው በዴፖው ተዛመተ፤ ማን እንዳዛመተው አትጠይቁኝ። ሾፌሮች ከስምሪታቸው በፊት ቀደም ብለው እየመጡ ያዩ ጀመር። አንዱ፣ ስትታመም ድምፁን ያጠፋ የሥራ ባልደረባችን፣ ቆቡን በእጁ እያዟዟረ ቀረባት።

«ልጠይቅሽ አስቤ ነበር… ግን…»

«ይኸው ጠየቅከኝ። በል ያንን በርሜል ወዲህ አምጣልኝ!»

ሰውዬው በርሜሉን እንደ ሙሽራ አቅፎ አመጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይመጣ የቀረበት ጠዋት የለም። በአምስተኛው ሳምንት መምህርቷ ሰማንያ አንድ ሰጧት። አምስተኛ ደብተሩን ነጥቃ ግቢውን ሁሉ እየዞረች አሳየች!

ከዚያ ሰኞ መጣ። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ከሆስፒታል ተደወለ። በክትትሉ በተነሣችው የደረት ፎቶ ላይ ጥላ ታይቷል፣ ማክሰኞ ከሰዓት እንደገና ትነሣ፣ ውጤቱ ሐሙስ ይነገራታል አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ግቢ መጣች፣ አውቶቡሱ ላይ ግን አልወጣችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነገረችን። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ነገ አልመጣም» አለች። «ሐሙስ ‹ተመልሷል› ቢሉኝስ? ፈተና ባልፍ ምን ይሠራልኛል?»

እኔ አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣው «አይዞሽ» መሆኑን ሳውቅ መልሼ ዘጋሁት። መምህርቷ ምርኩዛቸውን አጋድመው ከጎኗ ተቀመጡ።

«እኔ ላይ እንዲህ ያለ ጥላ ሦስት ጊዜ ታይቷል» አሉ። «አንዱ ጋዝ ነበር። አንዱ ምንም አልነበረም። ሦስተኛው እውነተኛው ነበር።»

«እውነተኛው ሲሆን ምን አደረጉ?»

«አለቀስኩ። ከዚያ መድኃኒቴን ጀመርኩ። ስሚኝ ልጄ፤ የሐሙሱን ሐሙስ ታይዋለሽ። ረቡዕን ግን ማንም አልወሰደብሽም። በገዛ እጅሽ አውጥተሽ አትስጪ።»

«ፈራሁ እኮ፣ እትዬ።»

«ፍሪ። እየፈራሽ ንጂ።» ምርኩዛቸውን መልሰው አነሡና «ለባልሽ ነግረሽዋል?» ብለው ጠየቁ።

«እሱን ብነግረው አልጋው ላይ በምስማር ይመታኛል!»

«ንገሪው። ብቻውን ወርክሾፑ የሚገባው ሊያለቅስ ነው እንጂ እንጨት ሊላግ አይደለም።»

ዘወር ብላ አየቻቸው። ባሏ ወርክሾፑ ውስጥ እንደሚያለቅስ አማቷ ለመምህርቷ በስልክ ነግረዋቸው ኖሯል። ሁለቱ አሮጊቶች ከእኛ ጀርባ ወዳጅነት ገጥመዋል! ያን ዕለት ከሰዓት ፎቶ ተነሥታ ስትመለስ ወርክሾፑ ድረስ ሄዳ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም፤ እኔም፣ ማመን ባትፈልጉም፣ አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ ነጋ። ዴፖው ውስጥ ሥራ የሚሠራ ሰው አልነበረም። መካኒኩ፣ ጥበቃው፣ ጽዳቷ፣ የስምሪት ኃላፊው ጭምር ሰበብ ፈልጎ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ፈታኙ ብዕሩን ከሰሌዳው ጋር በክር ያሰረ ቀጭን ሰው ነው። የሐኪሙን ፈቃድ ከላይ እስከ ታች አነበበና ቀና አለ።

«እጅጌው የታለ፣ እመቤቴ?»

አምስተኛ ክንዷን አየች። ባዶ ነው። በድንጋጤ ከቤት ረስታው ወጥታለች!

ፈታኙ ሰዓቱን አየ። «ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ተፈታኝ አለብኝ፤ የእርስዎ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል።»

ስልኬን አውጥቼ ቤቷ ደወልኩ። አማቷ አነሡት። ገና «እማማ» ከማለቴ ጮኹ፤ «ወጥቷል! እጅጌውን ገመድ ላይ አይቶ ይዞት ወጥቷል! እየሮጠ ነው ልጄ፣ እየሮጠ!»

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። አምስት ደቂቃ። ስምንት። አሥር። ፈታኙ ብዕሩን ይቆረጥማል። ጋሽ ቡሎን ኪሳቸውን ሊቀዱት ነው። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ጥበቃው «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ባሏ፣ ያ አንድ ቃል ለማውጣት አንድ ቀን የሚፈጅበት ሰው፣ ሰጋቱራ ፀጉሩ ላይ እንደነጣ፣ የሥራ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ፣ እጅጌውን እንደ ሰንደቅ እያውለበለበ በበሩ ገባ! ግቢው በጩኸት ተናጋ።

ትንፋሹ እየተቆራረጠ እጅጌውን ራሱ አጠለቀላት፤ ከጣቷ እስከ ትከሻዋ ሥር፣ መጨማደዱን በመዳፉ እያስተካከለ።

«ዛሬ ተቀመጪ አትለኝም?» አለችው።

«ተቀመጪ» አላት። «መሪው ላይ።»

በዴፖው ደንብ አውቶቡስ ያለ ትኬት ቆራጭ መንገድ አይወጣም፤ ስለዚህ እኔም ተሳፈርኩ። ፈታኙ ግን ጣቱን ቀሰረብኝ። «አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ፈተናው ይሰረዛል።»

እኔ! ዝም! ምላሴ አፌ ውስጥ እንደተያዘ ዓሣ ትንፈራገጥ ነበር።

መጀመሪያ በርሜሎቹ። የኋላ ማርሽ አስገባች። ስፖኪዮውን አየች፣ ዞረች፣ ገባች፤ ሊያልቅ ሲል የኋላው ጥግ በርሜሉን ሳም አደረገው። አልወደቀም፤ ግን ተወዛወዘ። ፈታኙ ጻፈ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይደገማል» አለ።

አውቶቡሱን ወደፊት መለሰችው። ቆመች። እጆቿን ከመሪው ላይ አንሥታ ጣቶቿን አፍታታቻቸው፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ወደ ኋላ ስትጀምር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ አየሁ። «ሦስት ክንድ… ሁለት ክንድ… ስንዝር…» ለራሷ ትጮህ ነበር፤ ያለ ድምፅ! አራት ጣት ላይ ቆመች። በርሜሎቹ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከውጭ ጭብጨባው ሲፈነዳ እኔ አፌን በሁለት እጄ አፍኜ እግሬን አንፈራገጥኩ።

ከዚያ መንገድ። ትልቁን አደባባይ በጸጥታ ዞርን፣ መብራቱን አለፍን። ኩርባው ጋ ስንደርስ ከፊታችን ፍራሽ እስከ ሰማይ የተቆለለበት የእጅ ጋሪ ተገለበጠ! ፍራሾቹ መንገዱን ሞሉት፤ ሁለቱ ጋሪ ገፊዎች ማዶና ማዶ ቆመው አንተ ነህ፣ አንተ ነህ ይባባላሉ። አምስተኛ ፍሬኑን ረገጠች፤ እንዴት አድርጋ እንደረገጠችው እግዜር ይወቅ፤ በክር የታሰረው ብዕር እንኳ አልተወዛወዘም። ከኋላችን ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀብን። ማለፊያ የለም። በግራ ግንብ፣ በቀኝ የቆመ የጭነት መኪና፤ ያለው መንገድ ወደ ኋላ ብቻ ነው፣ ወደ ጠባቧ መታጠፊያ።

አምስተኛ ፈታኙን አልጠየቀችውም። የአደጋ መብራቱን አበራች፣ ከኋላ ያሉት እስኪሸሹ በትዕግሥት ጠበቀች፣ ከዚያ ያንን ረጅም አውቶቡስ እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ አሾለከችው። ግንቡን በስንዝር፣ የጭነት መኪናውን በስንዝር! ጋሪ ገፊዎቹ ጭቅጭቃቸውን ትተው አፋቸውን ከፍተው ያዩ ነበር። አንደኛው ፍራሹ ላይ ቆሞ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጣት።

ፈታኙ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤቴ፣ ስንት ዓመት ነዱ?»

«አሥራ አራት።»

«ሲመለሱ ምን ተሰማዎት?»

በመስታወቱ አየችው። «ጣቶቼ!» አለች። «ጣቶቼ ተሰሙኝ!»

ግቢ ደርሰን ፈታኙ ሲወርድ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «አልፈዋል።» ለሦስት ወር ግማሽ ቀን ብቻ እንድትሠራ የሚል ማሳሰቢያ ነበረበት፤ ማን ሰማው! እኔ የታፈነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቅኩት። ጋሽ ቡሎን ቡሎኖቻቸውን ወደ ሰማይ በተኑ፤ እየለቀሙ ዋሉ። መምህርቷ ደብተራቸው ላይ ትልቅ መቶ ጽፈው ወደ ዘጠና ስምንት አረሙት፤ «የተሳመውን በርሜል አልረሳሁም።» ባሏ ከሁሉም በኋላ ቀረበ። ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ሰጋቱራው እሷ ላይም ተራገፈ።

ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል አራት ሆነን ሄድን፤ እሷ፣ ባሏ፣ መምህርቷና እኔ። በጠባቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ስንቀመጥ እጇ እጄን አድቅቆት ነበር። ሐኪሟ ፎቶውን መብራቱ ላይ ሰቅለው በጣታቸው አሳዩን። ጥላው ጨረሩ የተወው ጠባሳ ነው፤ አዲስ ነገር የለም፤ በስድስት ወር እንደገና ይታያል። በስድስት ወር ደግሞ እንዲሁ እንደምንጨናነቅ አውቃለሁ፤ ፍርሃቱ ቤቱን ለቅቆ አይሄድም። ኮሪደሩ ላይ ግን ባሏ ሳቀ! ድምፅ አውጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ። ዘጠኝ ዓመት ሳውቀው ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። የመምህርቷ ዜና ያን ያህል አልነበረም፤ መድኃኒታቸው ተቀይሮ አዲስ ዙር ሊጀምሩ ነው። «ሆስፒታሉ በሰባት ቁጥር መስመር ላይ ነው አይደል?» አሉን። «እንግዲህ ሾፌር አለኝ።»

ሰኞ ጠዋት ሰባት ቁጥር ከግቢ ወጣ። መምህርቷ በሦስተኛው ፌርማታ ተሳፍረው የፊቱን ወንበር ያዙ። አውቶቡሱ ጢም አለ። በአምስተኛው ፌርማታ ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ ሰዓቱን እየደበደበ ወጣ።

«ሰባት ደቂቃ አርፍዳችኋል! ሰው ሥራ የለውም መሰላችሁ? ምን ዓይነት ሾፌር ናት ይቺ!»

ደሜ ፈላ። ይቺ ሴት ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች ልነግረው አፌን ስከፍት አምስተኛ በመስታወቱ ዓይኔን ያዘችውና ራሷን ነቀነቀች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ መንገድ ተዘጋግቶ ነው» አለችው፤ ድምፅዋ ማር።

ሰውዬው እያጉረመረመ ወደ ኋላ አለፈ። አምስተኛ ወደ እኔ ዘወር አለች፤ ፊቷ እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

«ሬዲዮ! ሰማሽው? ተቆጣኝ እኮ! አላለቀሰብኝ፣ አልሸሸኝ፤ ሰው ተቆጣኝ!»

መምህርቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። እሷም እየሳቀች በሩን ዘጋች፣ ስፖኪዮውን አየች፣ ማርሽ አስገባችና ወጣን።